የእማማ ዝናሽ ቃሬዛ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጆቼ «ንገሪን» ብለው ያዙኝ። ነገሩን ያመጣው የማላውቀው ሰው ቀብር ነው። ደብረ ታቦር፣ ልጄ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ባቄላ ስፈለፍል ቀብር በአስፋልቱ አለፈ። አሁን ሬሳ የሚሄደው በመኪና ነው፤ ከመኪናው ኋላ ሰው በእግሩ ይከተላል፣ ከሰው ኋላ ደግሞ የቸኮለ ባጃጅ ጡሩምባውን ይነፋል። ባቄላውን አስቀምጬ ተነሣሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁና እስከ ማደያው ጥግ ሸኝቼ ተመለስሁ።

ልጆቹ ሳቁብኝ። ከተማ ያደጉ ናቸውና አንቺ ነው የሚሉኝ፤ ለምጄዋለሁ።

«እምዬ፣ ማን ነው የሞተው?» አለች ትልቋ፣ ማኅሌት።

«እኔ እንጃ።»

«ታዲያ የማታውቂውን ሰው ምን ብለሽ ተከተልሽ?»

«የሞተ ሰው ሲያልፍ ይቆማል። ከቆሙ ደግሞ ጥቂት እርምጃ ይሸኛል። ብቻውን ይሂድ እንዴ?»

ይህ አላጠገባቸውም። እኔ ለቀብር እንዲህ የምሆነው ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ ጠየቁ። ነገርኋቸው። ማኅሌት በስልኳ ቀድታ ኋላ በጽሑፍ አሰፈረችው፤ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ወዲያ ወዲህ ያልሁትንም እንዳለ ተዪው ብያታለሁ። እግሬም ነገሬም አንድ ቦታ አይቆይም።

ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበርሁ፤ የመጀመሪያ ልጄ ጡት አልጣለችም። የተዳርሁበት መንደር ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ ሲሄዱ መንገዱን ለቆ ወደ ጉና ወገብ የሚወጣ ነው። ብርድ አገር ነው። ገብስና ድንች እንጂ ጤፍ አያበቅልም፤ ጤፍ ከአንበሳሜ በኩል በአህያ ተጭኖ ይመጣልናል፤ እሱም ለዓመት በዓል። ኅዳር ላይ ጠዋት ከቤት ሲወጡ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ሲረግጡት እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ፀሐይ ስትወጣ ያ ሁሉ ነጭ ይጠፋና የታጨደው ገብስ ሽታ ይነሣል። እኔ ከዚያ ሽታ የሚጥመኝ የለም። ዛሬም ኅዳር ሲመጣ ልጄን ሳልነግር በሚኒባስ ወደ ገሳይ እወጣለሁ፤ ስመለስ ይቆጡኛል።

በዚያ መንደር ደም ነበር። ሲሳይ የሚባል ጎረቤታችን ከባሌ ታናሽ ወንድም ከይርጋ ጋር በእርሻ ወሰን ተጣሉና በዱላ መታው፤ ይርጋ ሳይሰነብት ሞተ። ሲሳይ ወደ ቆላ ጠፋ። ባሌ አዳነ ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሱን መላጨት ተወ። በእኛ አገር ደም ያለበት ሰው ደሙን እስኪመልስ ጸጉሩን ያሳድጋል፤ ያ ጸጉር በየገበያው ይታያል፣ ይጠየቃል። «አዳነ፣ ጸጉርህ ረዘመ እኮ» ይሉታል፤ ስለ ጸጉር ግን አይደለም የሚያወሩት። ገዳዩ ካልተገኘ ተራው የወንድሙ ነው። የሲሳይ ወንድም ደጉ ይባላል። ደጉ ዱላውን አልያዘም፣ ጠቡ በተነሣበት ሰዓትም ወፍጮ ቤት ነበር፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ቢያውቅም ያው ነው።

ደጉ ዓመቱን ሙሉ ከቤት አልወጣም። እናታቸው እማማ ዝናሽ ታመው ተኝተው ነበርና እሳቸውን ያስታምማል። የእኛዎቹም የታመመች አሮጊት ካለችበት ቤት ገብቶ መግደል ነውር ስለሆነ በውጭ ይጠብቁታል። ስለዚህ እማማ ዝናሽ በሕይወት እስካሉ ድረስ ደጉ አለ። እሳቸው ሲያርፉ ግን ልጃቸው ሊቀብራቸው መውጣቱ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ከጉብታው ወዲያ ነው፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ ነው፣ በግራ ገደል፣ በቀኝ የእነ ባሌ አውድማ። ሰው ሁሉ ይህን ያውቅ ስለነበር ያን ዓመት ስለ እማማ ዝናሽ ጤና የማይጠይቅ አልነበረም። ለጽድቅ የጠየቀው ጥቂት ነው።

ያረፉት በኅዳር፣ ገብስ በሚወቃበት ሳምንት ነው። ጠዋት ጡሩምባ ተነፋ። አማቴ እሳቱን እየቆሰቆሱ «ዛሬ ከዚህ ቤት ማንም ወደዚያ እንዳይረግጥ» አሉ። ፊታቸውን ወደ እኔ አላዞሩም። ልጃቸውን የቀበሩ እናት ናቸው። ባሌ ጠመንጃውን ከምሰሶው አወረደ። የአጎቱ ልጅ ሽፈራው በር ላይ ቆሞ «ና እንጂ፣ ገብሳችንን እንውቃ» አለው፤ እየሳቀ። ሰው በሞተበት ቀን ጎረቤት አይወቃም። ይህን ያህል ሲዳፈሩ ምን እንዳሰቡ መጠየቅ አያስፈልግም።

እኔ ልጄን ከአማቴ ዘንድ ትቼ እንስራ ይዤ ወደ ምንጭ ወረድሁ። ከምንጩ ሆነው ሲያዩ የእማማ ዝናሽ ግቢ ወለል ብሎ ይታያል። አየሁ። ቃሬዛው ግቢው መካከል ተቀምጧል፤ እማማ ዝናሽ በሰሌን ተጠቅልለው ፀሐይ ላይ ናቸው። ዙሪያቸውን ያለው ሰው አንድ ቤት እንኳ አይሞላም። ለሠርጋችን ያን ያህል ጠላ የጠጣ አገር የት ገባ? ቃሬዛውን የተሸከመ ወገን ለየ ተብሎ ይታሰብበታል፣ ጥይትም ሰው አይመርጥም፤ ስለዚህ ሁሉም በየቤቱ ሥራ አግኝቷል።

ልጄን የተቀበሉልኝ እማማ ዝናሽ ናቸው። ምጡ ጠንቶብኝ አማቴ እንኳ ተስፋ ቆርጠው ወጥተው ሲያለቅሱ፣ እሳቸው እጄን አልለቀቁም ነበር። ግን ለውለታ ብዬ ብቻ ሄድሁ ብል ሙሉ እውነት አይሆንም። በጾሙ የመንደሩ ቄስ፣ ቄስ አምሳሉ፣ ጠላትን ስለ መውደድ ሲሰብኩ ልጄን አዝዬ ከቅጥሩ ጥግ ሰምቻለሁ። ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል። ሲያበቃ ግን የእነ ደጉ ወገን በላይኛው በር፣ የእኛ ወገን በታችኛው በር ይወጣል፤ ቃሉ እዚያው ቅጥሩ ውስጥ ያድራል። እኔ ስላልተማርሁ ይሆናል፣ እንደ ተባለው ነበር የሰማሁት። ሌላ ትርጓሜ እንዳለው አላውቅም ነበር።

እንስራዬን ከድንጋይ አስጠግቼ አስቀመጥሁ፣ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ፣ ወጣሁ።

ግቢው ውስጥ ቄስ አምሳሉ ከአንድ ዲያቆን ጋር ቆመዋል። ቃል የሚይዛቸው፣ ውሻ ሲጮህ እንኳ ደንግጠው መስቀላቸውን የሚጨብጡ ሰው ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ አለ፤ ቀኝ እግራቸውን የሚያነክሱት አያ ተሰማ አሉ፤ ደጉ አለ። ደጉ ዓመት ሙሉ ፀሐይ አላየምና ጎተራ ውስጥ እንደ በቀለ ገብስ ገርጥቷል። ሁለት አሮጊቶች ከግድግዳው ሥር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያለቅሳሉ። ለቃሬዛው አንድ ሰው ጎድሏል።

«ዝማም፣ ምን ልትሆኚ መጣሽ?» አሉ አያ ተሰማ።

«ልሸከም።»

«ቃሬዛ?»

«ቃሬዛ።»

አያ ተሰማ ወደ ቄሱ ዞሩ። «አባ፣ ይቺ ልጅ አበደች። ሴት ቃሬዛ ስትሸከም አይተው ያውቃሉ?»

«አ... አንተ ስትሸከምስ ማን አይቶ ያውቃል? ሁልጊዜ ወገቤን አይደለህ?»

«ወገቤን አሞኝ ነዋ! ይልቅ እኔን የሚሸከመኝን ካሁኑ ፈልጉልኝ፤ እንደምታዩት አገሩ ባዶ ሆኗል።»

ደጉ ግን አልሳቀም። ጠጋ ብሎ «ዝማም፣ ተመለሽ» አለኝ። «ልጅ አለሽ። እኔ ብወድቅ የሚያለቅስልኝ እንኳ የለም።»

«አንተ ስለ ራስህ ታወራለህ፤ እኔ ለእማማ ነው የመጣሁ» አልሁት።

አያ ተሰማ እንደገና ስለ ሴት ሊናገሩ ሲጀምሩ ቄስ አምሳሉ እጃቸውን አነሡ። «ቃ... ቃሬዛ ወንድና ሴት አይለይም። የሚያውቀው ትከሻ ነው። ዝማም፣ ከፊት በቀኝ ያዢ። ደጉ፣ አንተ ከኋላዋ።»

በቀኝ ማለት በአውድማው በኩል ነው።

ተነሣን። እኔ አጭር ነኝ፤ በእኔ በኩል ቃሬዛው አዘነበለ። በሌላው ወገን አያ ተሰማ ያነክሳሉ። በዚህ መካከል እማማ ዝናሽ ጣና ላይ እንዳለ ታንኳ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዙ ነበር። ሰሌኑ በየእርምጃው ሲጥ ሲጥ ይላል፤ እንጨቱ አንገቴ ሥር ገብቶ ይበላኛል። መንገዱ ዳር ኮሽም አፍርቷል። እንዲህ ባለ ቀን ሰው ፍሬ ያያል? እኔ አየሁ። ስመለስ ለልጄ እለቅምላታለሁ ብዬም አሰብሁ።

በፍታት ወግ ሬሳ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ በየማረፊያው ይወርዳል፣ ጸሎት ይደረስበታል፣ እንደገና ይነሣል። የእኛ መንደር ማረፊያዎች ከጥንት የታወቁ ናቸው። አንደኛው ከትልቁ የኮሶ ዛፍ ሥር ነው፤ የኮሶው ዛፍ ደግሞ የእነ ባሌ አውድማ ጠርዝ ላይ ነው። ያን ቀን ቄሱ ያችን ማረፊያ ዘለው በሩጫ ያሳልፉናል ብሎ ያላሰበ ሰው አልነበረም። እኔም ያንኑ አስቤ ትንፋሼን ቆጥቤ ነበር።

ደረስን። በሬዎቹ ገብሱን እየረገጡ ይዞራሉ። ሽፈራው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል። ባሌ ገለባ ክምር ላይ ተቀምጧል፤ ጠመንጃው ጉልበቱ ላይ ነው፣ ያ ጸጉሩ ፊቱን ግማሽ ሸፍኖታል።

«አ... አውርዱ» አሉ ቄስ አምሳሉ።

«አባ፣ እዚህ?» አሉ አያ ተሰማ፤ ድምፃቸው ቀጠነ። «ከጉብታው ማዶ ሆነን ብናወርዳቸው ምን ይለናል?»

«አውርዱ ብያለሁ።»

አወረድናቸው። ደጉ እናቱ ራስጌ ቆመ። እኔ በእሱና በአውድማው መካከል ነበርሁ። እንዲያው አጋጣሚ ነው ብል ውሸት ነው፤ አስቤ ነው የቆምሁት። ቄሱ መጽሐፉን ገልጠው ጀመሩ። ደግሞ የሚገርመው፣ በግእዝ ሲያነቡ ቃል አይዛቸውም።

«አባ፣ ይለፉ!» ሲል ጮኸ ሽፈራው። «ይህ ደም ያለበት ቦታ ነው!»

ቄሱ አላቋረጡም። ሽፈራው ወደ እኔ ዞረ።

«እንኳን ደስ ያለሽ ዝማም! ገዳይ ቤት ገረድ ገባሽ?»

«እማማ ዝናሽ ማንን ገደሉ?»

«ልጃቸው ገደለ!»

«የገደለው ልጃቸው እዚህ የለም። እዚህ ያሉት እሳቸው ናቸው።»

«ከኋላሽ የቆመውስ?»

«ከኋላዬ የቆመው እናቱን ይቀብራል።»

«ዞር በይ!»

«አልዞርም።»

በሬዎቹ የሚነዳቸው ሲያጡ ቆመው ገብሱን መብላት ጀመሩ። ከልካይ አላገኙም። ባሌ ግን አይኑን ከእኔ አልነቀለም። ያን ጊዜ እኔ ባሌን አንቱ ነበር የምለው፣ በሰው ፊት ቀና ብዬም አናግሬው አላውቅም።

«አዳነ» አልሁት። «ይቁሙ እንጂ። የሞተ ሰው ሲያልፍ ይቆማል።»

ሽፈራው ሳቀ። ባሌ አልሳቀም። ቄሱ ገጽ ገለጡ። ባሌ ጠመንጃውን ይዞ ተነሣና ቆመ። ለሬሳው ይሁን ለሌላ ነገር መለየት አይቻልም ነበር። ጸሎቱ አለቀ።

«አንሡ» አሉ ቄስ አምሳሉ።

አነሣን። እኔ ከፊት፣ ደጉ ከኋላዬ። ከደጉ ኋላ ገለባ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ ባሌ እየመጣ ነው። ቅድም ለልጆቹ የነገርኋቸው ልማድ ይኸው ነው፦ ለሬሳ የቆመ ሰው ጥቂት እርምጃ ይሸኛል፣ ከዚያ ይመለሳል። ያ እርምጃ እስኪቆም አዳመጥሁ። ሽኝቱ ካለቀ፣ ወጉም ከደረሰ፣ ከዚያ በኋላ የደጉ ጀርባ ከጠመንጃው ፊት ነው። ዞሬ እንዳላይ ቃሬዛው ይዞኛል። ደጉም አልዞረም። የሱ ትንፋሽ አንገቴ ላይ ይሰማኛል፤ ከትንፋሹ ጀርባ ደግሞ ያ እግር።

እግሩ አልቆመም። ጥቂት እርምጃ ከሚባለው አለፈ። ኮሶውን አለፍን፣ አውድማውን አለፍን፣ መንገዱ ወደ ጉብታው ሲቀና ጥላ ከጎኔ መጣ።

«ወዲያ በይ» አለኝ ባሌ። «እያዘመምሽው ነው።»

እንጨቱን ከትከሻዬ ወሰደ። ባዶ እጁን ነበር። ዞር ብዬ ሳይ ጠመንጃው ገለባው ላይ ተጋድሟል፤ ሽፈራው ያለ ጥፋታቸው በሬዎቹን ይገርፋል። ባሌና ደጉ በአንድ እንጨት፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆነው ቤተ ክርስቲያን ደረሱ። አንድም ቃል አልተለዋወጡም። ቃሬዛው ግን ቀጥ አለ።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር አማረ እንዳይመስላችሁ። አማቴ ክረምት እስኪገባ አላነጋገሩኝም፤ ሽፈራውም ቤታችን እህል አልቀመሰም። ባሌን ገበያ ላይ «ሚስትህ ቁም አለችህ አሉ» ይሉት ነበር። እሱም «ቁም አለች፣ ቆምሁ፤ አንተን ሚስትህ ምን ትልሃለች?» ይላል። ሽማግሌ ገብቶ እርቅ ሲወርድ ጸጉሩን ተላጨ፤ ልጄ አላውቀው ብላ አለቀሰች። ደጉ አገባ፣ ወለደ፣ አረጀ፣ ባለፈው ዓመት በአልጋው ላይ ሆኖ አረፈ። እሱንም እስከ መቃብሩ ሸኝቻለሁ።

ልጆቹ ይህን ሰምተው ታናሹ «እምዬ ጀግና ነሽ!» ብሎ አጨበጨበ። ማኅሌት «አያታችን ባይቆሙስ ኖሮ?» አለች። አላውቅም አልኋት። ሰው የሠራውን በጎ ነገር ብቻውን የሠራው ይመስለዋል፤ እኔም ብዙ ዘመን መስሎኝ ኖሬያለሁ። የቀረውን ግን ለእነሱ አልተናገርሁም ነበር። ደጉ ካረፈ ወዲህ በነገሩ የሚጎዳ ሰው ስለሌለ፣ ማኅሌት ስትጽፍ ጨምሪው አልኋት።

ባሌ ከሞተ በኋላ ለጉልበቴ ብዬ ወንዛዬ ወርጄ ነበር፤ ፍል ውሃው ያሽላል ይባላል፣ ያሽላልም። እዚያ ቄስ አምሳሉን አገኘኋቸው። አይናቸው ፈዟል፤ እግራቸውን ከፍል ውሃው ነክረው ተቀምጠዋል። በድምፄ ለዩኝ። በሶዬን በጥብጬ አብረን ጠጣን። ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ ስናወራ ቆየንና ድንገት ስለዚያ ቀብር አነሡ።

እማማ ዝናሽ ሊያርፉ ሲሉ የመጨረሻ ቃላቸውን የሰጡት ለቄሱ ብቻ ነው። እማማ ዝናሽ የተወለዱት ታች ቆላው ውስጥ ነው። ከቤታቸው ጓሮ ገደሉን ይዞ ወደዚያ የሚወርድ፣ ለቃሬዛ ይሆናል ብሎ ማንም የማያስበው የፍየል መንገድ አለ፤ ከታች ደግሞ የአባቶቻቸው ደብር። «እዚያ ውሰዱኝ፤ ልጄን በአውድማው በኩል እንዳታሳልፉብኝ፣ አደራ» ብለዋቸዋል።

«አ... አደራዋን በላሁት» አሉኝ ቄስ አምሳሉ። «አንድ ጊዜ በጓሮ ከወጣን ለልጅ ልጅ በጓሮ እንወጣለን ብዬ ነው። ደጉ ቢወድቅ ኖሮ ምን እል ነበር፣ ዝማም?»

አደራ የበላ እጅ ሥጋ ወደሙ አይነካም ብለው ከዚያ ቀብር ወዲህ ቀድሰው አያውቁም። ለሰው ግን ምክንያቱን አልተናገሩም። ያን ዕለት ጠዋት፣ እኔ ገና ምንጭ ሳለሁ፣ ደጉ «አባ፣ ሌላ መንገድ የለም?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

«የለም» አሉት።